ለረጅም መንገድ ሪከምበንት ሳይክል ስትመርጡ ከየት ልትጀምሩ ይገባል

ብዙ ሰው ጋደም ተብሎ የሚነዳውን ሳይክል (ሪከምበንት የሚባለውን) ለመግዛት ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው ሞዴል ይሻላል" ብሎ ነው፣ ከዛ ቪዲዮ ያያል፣ ከዛ የክብደት ሰንጠረዥ፣ ከዛ ስለ ማርሽ ያነባል፣ በመጨረሻ ጭንቅላቱ ዞሮ ይተወዋል። እኔ የምመክረው ከሌላኛው ጫፍ መጀመር ነው፣ መጀመሪያ መቀመጫው፣ ቀጥሎ እግራችሁ፣ ቀጥሎ የምትሄዱበት መንገድ፣ ሞዴል የሚባለው ነገር ከዛ በኋላ ይመጣል። ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ ስትነዱ ከሰውነታችሁ ጋር የሚነካካው መቀመጫውና ፔዳሉ ነው፣ እነሱ ካልተስማሟችሁ የፈለገው አይነት ቀላል ፍሬም ቢሆን ሃምሳኛው ኪሎሜትር ላይ መውረድ ያምራችኋል።

መደበኛ ሳይክል ላይ ረጅም ሰዓት የቆየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፣ መዳፍ ይደነዝዛል፣ አንገት ይይዛል፣ ብሽሽት አካባቢ ያለውን ደግሞ ባናወራው ይሻላል። ሪከምበንት እነዚህን ሦስቱን ማለት ይቻላል ያጠፋቸዋል፣ ክብደታችሁ ከጠባብ ኮርቻና ከእጃችሁ ላይ ተነስቶ ጀርባና ቂጥ ላይ (ይቅርታ፣ ሌላ ቃል የለኝም) ተበትኖ ስለሚያርፍ። ግን የራሱን ሕመሞች ይዞ ነው የሚመጣው፣ ሻጮች ብዙ ጊዜ ይቺን ይዘሏታል። የእግር ጣት መደንዘዝ አለ፣ ቂጥ ላይ የሚያቃጥል ስሜት አለ፣ በጣም ከተንጋለላችሁ ደግሞ አንገት ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፣ ከኔ ሰውነት ሸክሙን የትኛው ክፍል ቢሸከመው ይሻላል? ወገቡን የሚያመውና ጉልበቱን የሚያመው ሰው አንድ አይነት ሳይክል አይገዙም።

ምን እንደምታጡ ቀድማችሁ እወቁ

ዳገት ላይ ብድግ ብሎ በክብደት መርገጥ የለም፣ ያላችሁ የእግር ጉልበትና ዝቅተኛ ማርሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ ከጓደኞቻችሁ ወደኋላ ትቀራላችሁ፣ ይሄን ከአሁኑ ተቀበሉት። ሜዳና ቁልቁለት ላይ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል፣ ከ25 ኪ.ሜ በሰዓት በላይ ስትሄዱ አብዛኛው ጉልበታችሁ የሚያልቀው አየር በመግፋት ነው፣ ተጋድሞ የሚነዳ ሰው ደግሞ ለንፋስ የሚሰጠው ፊት ትንሽ ነው። "ለሽማግሌ ነው" ለሚሏችሁ ሰዎች የ1933ቱን (እ.ኤ.አ.) ታሪክ ንገሯቸው፣ ፍራንሲስ ፎር የሚባለው ፈረንሳዊ ሻርል ሞሼ የሠራውን ቬሎካር የተባለ ሪከምበንት ነድቶ በአንድ ሰዓት 45.055 ኪ.ሜ ሄደ፣ ከ1914 ጀምሮ የቆየውን የኦስካር ኤግን የ44.247 ኪ.ሜ ሪከርድ ሰበረ፣ በቀጣዩ ዓመት የዓለም ሳይክል ማኅበር (ዩሲአይ) እንዲህ አይነቱን ሳይክል ከውድድር አስወጣው። በቲቪ የምናያቸው ውድድሮች ላይ የማናየው ለዛ ነው። ረጅም ርቀት የሚወዱ ሰዎች ግን ጉዳያቸው ስላልሆነ ፓሪስ ብሬስት ፓሪስ ላይ፣ 1200 ኪ.ሜ በ90 ሰዓት የሚሄዱበት ጉዞ ላይ፣ ሪከምበንት ይፈቀዳል።

ግን ይሄ የንፋስ ጥቅም ሁሉም ሪከምበንት ላይ እኩል አይደለም። ቀና ተብሎ የሚቀመጥበት ከፍ ያለ ሞዴል ከመደበኛ ሳይክል ብዙም አይፈጥንም፣ ባለሦስት ጎማው ደግሞ ሦስት ጎማ ይዞ ነው የሚሄደው። ፍጥነት ፈልጋችሁ ከሆነ መጋደም አለባችሁ፣ መጋደም ደግሞ ሌላ ዋጋ ያስከፍላል።

መቀመጫው

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ የቀረው ነገር ሁሉ ከዚህ በኋላ ይስተካከላል።

የመቀመጫ አንግል የሚለካው መደገፊያው ከመሬት ጋር ትይዩ ከሆነ መስመር ምን ያህል ቀና እንዳለ በማየት ነው። ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ያለው የፈጣኖቹ ነው፣ ማለት ይቻላል ተኝታችሁ ነው። ከ35 እስከ 45 ያለው አብዛኛው ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው የሚስማማበት መሃከለኛ ቦታ ነው። ከ50 በላይ ወንበር ላይ እንደመቀመጥ ነው፣ ለመግባት ለመውጣትና ዙሪያን ለማየት አሪፍ ነው። ብዙ ጀማሪ ቀና ያለውን ሲያየው "ይሄማ ምቹ ነው" ይላል፣ ለአንድ ሰዓት እውነቱን ነው። ችግሩ ሦስተኛው አራተኛው ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው፣ ቀና ስትሉ ክብደታችሁ በሙሉ ቂጣችሁ ላይ ይወርዳል፣ ያው ፔዳል የሚገፋው ጡንቻም እሱው ነው፣ ስለዚህ የምትቀመጡበትን ጡንቻ እያሠራችሁት ነው ማለት ነው፣ ደም በደንብ አይዞርበትም፣ ከዛ ማቃጠል ይጀምራል። መፍትሄው ትራስ መደረብ ሳይሆን መደገፊያውን ወደኋላ ለቀቅ ማድረግ ነው፣ ክብደቱ ወደ ጀርባ ሲሄድ ያቃጥል የነበረው ቦታ ይተነፍሳል።

በጣም ከተንጋለላችሁ ደግሞ ጭንቅላታችሁን ቀና አድርጎ የሚይዘው አንገታችሁ ነው፣ ከ30 ዲግሪ በታች ከሆነ የራስ መደገፊያ የግድ ነው በሉ። ያ መደገፊያ ደግሞ ለስላሳ መንገድ ላይ ነው የሚያስደስተው፣ ኮረኮንች ላይ ጭንቅላታችሁን እየመታ ጥርሳችሁን ያንቀጫቅጨዋል። መንገዳችሁ አስፋልቱ የተበላሸ ከሆነ ይሄ ብቻ ከፈጣኖቹ ሞዴሎች ሊያርቃችሁ ይገባል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያየው ነገር ፔዳሉ ከመቀመጫው አንጻር ያለው ከፍታ ነው። ፔዳሉ ከመቀመጫው በጣም ከፍ ሲል እግራችሁ ወደላይ ተሰቅሎ ይውላል፣ ደም ወደ ጣት ለመድረስ ይለፋል፣ ጣቶች ይደነዝዛሉ ወይ ውስጥ እግር እሳት ይሆናል። አንዳንዱ ሰው ምንም አይሰማውም፣ አንዳንዱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጮኻል፣ ከመሞከር ውጪ ማወቂያ መንገድ የለም። መደበኛ ሳይክል ላይ የእግር ጣቶቻችሁ የሚደነዝዙ ከሆነ ፔዳሉ ከመቀመጫው እኩል ወይ ዝቅ ያለውን ፈልጉ።

ከአንግሉ ቀጥሎ የመቀመጫው አሠራር ነው፣ በዋናነት ሁለት አለ፣ መረብ እና ጠንካራ ቅርፊት። መረቡ ፍሬም ላይ በማሰሪያ የተወጠረ ጨርቅ ነው፣ አየር ያስገባል፣ የመንገዱን ንዝረት ይውጣል፣ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ በማጥበቅና በማላላት ወገባችሁ ጋ ድጋፍ መፍጠር ትችላላችሁ። ቅርፊቱ ከፋይበር ወይ ከካርቦን የተቀረጸ ነው፣ ይቀላል፣ ስትገፉ አይተጣጠፍም ስለዚህ ጉልበታችሁ አይባክንም፣ ግን ልክ እንደ ጫማ ቁጥሩ ካልገጠማችሁ አለቀ፣ የወገቡ እጥፋት ከናንተ ወገብ ከፍ ወይ ዝቅ ብሎ ከመጣ ምንም ብታደርጉት አይስተካከልም። ቅርፊት ከሆነ ላብም አለ፣ ቬንቲሲት አይነት አየር የሚያሳልፍ ምንጣፍ ካልደረባችሁበት ጀርባችሁ ሲረጥብ ይውላል። የኔ አስተያየት፣ ከ40 ዲግሪ በላይ ከሆነ መረብ፣ ከ30 በታች ከሆነ ቅርፊት፣ መሃሉ ላይ የመጣላችሁ። ቀና ያለ ቅርፊት ላይ ወደፊት ትንሸራተታላችሁ፣ የተጋደመ መረብ ደግሞ ሲቆይ ይረግብና መሃሉ ይሰምጣል።

ሻጩን የምትጠይቁት ወሳኝ ጥያቄ ደግሞ "አንግሉ በምን ያህል ይስተካከላል?" የሚለው ነው። አስር ዲግሪ እንኳን መቀያየር የሚቻልበት መቀመጫ ረጅም መንገድ ላይ ትልቅ ነገር ነው፣ ጠዋት ንፋስ ሲኖር ጋደም፣ ከሰዓት አንገት ሲደክም ቀና። አንዳንዱ ያለ መፍቻ በእጅ ይስተካከላል፣ አንዳንዱ ብሎን ፈቶ ነው፣ አንዳንዱ ጭራሽ የማይነቃነቅ ነው። የማይነቃነቀውን የምትገዙት የሚስማማችሁን አንግል በደንብ ካወቃችሁ ብቻ ይሁን።

ሁለት ጎማ ወይስ ሦስት

በዚህ ጉዳይ ሰው ይጣላል፣ እኔ ግን ነገሩ ቀላል ይመስለኛል፣ ዳገት የሚበዛበት መንገድና ከባድ ሻንጣ ካላችሁ ሦስት ጎማ፣ ሜዳ የሚበዛበትና ጠባብ መንገድ ከሆነ ሁለት።

ባለሁለት ጎማው ዳገት ላይ የሚያስቸግረው ሚዛን ነው፣ ከ6 ወይ 7 ኪ.ሜ በሰዓት በታች ሲወርድ መወላገድ ይጀምራል፣ የተጫነ ከሆነ ይብሳል። ባለሦስቱ ግን እንደ እግረኛ ቀስ ብላችሁ ብትወጡም አይወድቅም፣ ደክሟችሁ ዳገቱ መሃል ብትቆሙም ፍሬን ይዛችሁ ቁጭ ብላችሁ ታርፋላችሁ፣ ድጋሚ ለመነሳትም ትግል የለም። ይሄ ለረጅም መንገድ ምን ያህል አእምሮን እንደሚያሳርፍ የነዳው ነው የሚያውቀው።

በተቃራኒው ባለሦስቱ ሰፊ ነው፣ ፊት ለፊት ሁለት ጎማ ያለው (ታድፖል የሚባለው) አብዛኛውን ጊዜ ከ75 እስከ 85 ሳንቲሜትር ስፋት አለው፣ በር ላይ፣ ጠባብ የሳይክል መንገድ ላይ፣ የመንገድ ዳር ላይ ታስቡበታላችሁ። ጉድጓድ ስታዩ ለሦስት ጎማ ሦስት መስመር ነው የምትመርጡት፣ አንዱ ሁልጊዜ ይገባል። ክብደቱም ከ15 እስከ 20 ኪሎ፣ ሳስፔንሽን (ንዝረት የሚውጠው ስፕሪንግ) ሲጨመር ከዛም በላይ ነው፣ ፎቅ ላይ ተሸክሞ መውጣት እርሱት።

ከባለሦስቶቹ ታድፖሉ ዝቅ ያለና ኩርባ ላይ የሚረጋ ነው። ከኋላ ሁለት ጎማ ያለው ዴልታ ግን መቀመጫው ከፍ ስለሚል ጉልበቱን ለሚያመው ሰው መቀመጥና መነሳት ያቀልለታል፣ ጠባብ ቦታ ውስጥ መዞርም ይችላል፣ ግን በፍጥነት ኩርባ ስትገቡበት የውስጠኛው ጎማ ሊነሳ ይችላል። ታድፖል ከመግዛታችሁ በፊት ያለ ማንም እርዳታ ከመቀመጫው መነሳት መቻላችሁን ሞክሩ፣ ቁመቱ ከመሬት ከ20 እስከ 35 ሳንቲሜትር ነው፣ ከመቶ ኪሎሜትር በኋላ ያች ከፍታ ቀላል አይደለችም።

ባለሦስት ለምትገዙ አንድ የደህንነት ነገር፣ ይቺን አትዝለሏት። እግራችሁ እየሄዳችሁ ከፔዳል ላይ ሾልኮ መሬት ከነካ ሳይክሉ ወደፊት እየሄደ ነው፣ እግሩ ከፍሬሙ ስር ይገባል፣ ቁርጭምጭሚት የሚሰበረው እንዲህ ነው። ስለዚህ ጫማው ፔዳሉ ላይ የሚቆለፍበት አይነት ወይ ተረከዝ የሚይዝ ማሰሪያ ያለው ፔዳል የግድ ነው፣ "መልመጃ ነው፣ ሰፈር ውስጥ ነው" አይሠራም። ሌላው ፓርኪንግ ፍሬን ነው፣ ባለሦስት ጎማ ዘንበል ብሎ ግድግዳ ላይ አይቆምም፣ ካልተያዘ እየተንከባለለ ይሄዳል።

ባለሁለት ጎማውን ከመረጣችሁ ርዝመቱን ተመልከቱ። ረጅሙ አይነት የፊት ጎማው ከፔዳሉ ፊት ነው ያለው፣ ራንስ ስትራተስና ኢዚ ሬሰርስ ቱር ኢዚ የዚህ አይነት ናቸው፣ ፔዳሉ ዝቅ ይላል፣ መንገድ ላይ ይረጋል፣ ለመልመድ ይቀላል፣ ግን ከሁለት ሜትር በላይ ስለሚረዝም ባቡር ላይ ወይ መኪና ውስጥ ማስገባት ሌላ ሥራ ነው። አጭሩ ደግሞ ፔዳሉ ከፊት ጎማው ፊት ወጥቶ ነው ያለው፣ ርዝመቱ ከመደበኛ ሳይክል ብዙም አይርቅም፣ ቀልጠፍ ያለ ነው፣ ሻንጣም በደንብ ይይዛል፣ የጀርመኑ ኤችፒ ቬሎቴክኒክ የሠራው ስትሪትማሽን ለረጅም ጉዞ በዚህ ምድብ የታወቀ ነው። አጭሩ ላይ የምትፈትሹት ነገር፣ መሪውን ስታዞሩ ተረከዛችሁ የፊት ጎማውን ይነካል ወይ? ትልቅ ጫማ ያለው ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ይነካል። በፍጥነት ስትሄዱ መሪው ብዙ ስለማይዞር ችግር የለውም፣ ቀስ ብላችሁ ስትዞሩ ግን ሊጥላችሁ ይችላል።

ልኬት

ከመደበኛው ሳይክል የተለየ ነው፣ ቁመታችሁን መናገር ብቻውን አይበቃም። ጫማችሁን አድርጋችሁ ወለል ላይ ቁጭ በሉ፣ ቂጣችሁንና ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ አስጠግታችሁ እግራችሁን ዘርጉ፣ ከግድግዳው እስከ ጫማው ሶል ድረስ ለኩ። ኤክስ ሲም የሚሉት እሱን ነው፣ አምራቾችም ሞዴላቸው ከስንት እስከ ስንት እንደሚስማማ በዚሁ ልክ ይገልጹታል። ቁመታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች እግራቸው በብዙ ሊለያይ ይችላልና በሰው ልክ አትግዙ።

ከዛ ርቀቱ የሚስተካከለው ወይ መቀመጫውን በማንሸራተት ወይ ፊት ለፊት ያለውን ፔዳሉን የያዘውን ቱቦ (ቡም) በማስገባትና በማውጣት ነው። ቡሙ የሚንቀሳቀስበት ላይ አንድ ጣጣ አለ፣ ስታስረዝሙት ሰንሰለቱም መርዘም አለበት፣ ስታሳጥሩት ደግሞ ይረግባል፣ ስለዚህ ለሁለት ሰው እያፈራረቃችሁ ልትነዱት ካሰባችሁ መቀመጫው የሚንሸራተተውን ውሰዱ። ትክክለኛው ርቀት ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጋችሁ እግራችሁ ቀጥ ሲል ነው፣ እንዲህ ከሆነ በእግራችሁ ፊት ስትረግጡ ጉልበቱ ትንሽ ታጥፎ ይቀራል። ሲቀርብ ጉልበት ያማል፣ ሲርቅ የተረከዝ ጅማትና ዳሌ ያማል።

ጉልበትን በተመለከተ፣ ጀርባችሁ ድጋፍ ስላለው መደበኛው ሳይክል ላይ ከምትችሉት በላይ በኃይል መግፋት ትችላላችሁ፣ ጉልበት የሚበላሸውም በዚሁ ነው። ቀለል ባለ ማርሽ ቶሎ ቶሎ ማሽከርከር ልመዱ። የፔዳሉ ክንድ (ክራንክ) አጠር ሲል ጉልበት በየዙሩ የሚታጠፈው ይቀንሳል፣ ብዙ ሪከምበንት ነጂዎች ከተለመደው 170 ሚሊሜትር ወርደው 155 ወይ 160 የሚያደርጉት ለዚህ ነው፣ ሻጩ መቀየር የሚችል ከሆነ ከመጀመሪያው ጠይቁት። ጣት ለሚደነዝዛችሁ ደግሞ ጫማው ላይ ያለውን መቆለፊያ ወደ መሃለኛው እግር መሳብ ብዙ ይረዳል።

መሪ፣ ጎማ፣ ፍሬን

መሪው ወይ ከደረት ፊት ነው ወይ ከመቀመጫው ስር። ስር ያለው እጅ ጎን ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚውል ለትከሻ የሚያህለው የለም፣ ለረጅም መንገድ እኔ እሱን ነው የምወደው፣ ግን ሳይክሉን ያሰፋዋል፣ ለመልመድም ጥቂት ቀን ይፈልጋል። ከፊት ያለው ጠበብ ይላል፣ ለፍጥነት ይሻላል፣ መብራትና ካርታ ማሰሪያ ቦታ አለው። ታድፖሎቹ ላይ አብዛኛው ከጎን ስለሆነ ብዙ አታስቡበት።

ጎማ ላይ፣ ትናንሾቹ ባለ20 ኢንች የሚባሉት ሁለት የተለያየ ልክ አላቸው፣ 406 እና 451 የሚል ቁጥር ጎማው ጎን ላይ ተጽፎ ታገኛላችሁ፣ አንዱ በሌላው አይገባም። ረጅም ጉዞ ከሆነ 406 ያለውን ምረጡ፣ ተለዋጭ ጎማ በቀላሉ ይገኛል፣ ወፍራሙም ቀጭኑም አለ። ኋላ ያለው 559 (26 ኢንች) ወይ 622 ሊሆን ይችላል። ሁሉም ጎማ አንድ ልክ ከሆነ አንድ መለዋወጫ ብቻ ይዛችሁ ትወጣላችሁ፣ ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው።

ሳስፔንሽን ላይ ሰው ይከራከራል። ነገሩ እንዲህ ነው፣ መደበኛ ሳይክል ላይ ጉድጓድ ስታዩ ብድግ ትላላችሁ፣ እዚህ ላይ አትችሉም፣ የመጣው ሁሉ በቀጥታ ወደ ጀርባችሁ ነው። ስለዚህ አስፋልቱ ጥሩ ከሆነ 40 ወይ 50 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጎማ በትንሽ አየር ይበቃችኋል፣ ጠጠርና የተቆራረጠ መንገድ ከበዛ ቢያንስ የኋላውን ሳስፔንሽን ያለው ውሰዱ፣ ክብደቱን ጀርባችሁ ይከፍልላችኋል። ፍሬን ዲስክ ይሁን፣ ባለሦስት ላይ የግራና የቀኙ እኩል መያዙን ፈትሹ። ድራም ፍሬንም ዝናብና ጭቃ ላይ ጎበዝ ነው፣ ጥገናም ብዙ አይፈልግም፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ይሞቃል።

ማርሽ

ሪከምበንት ስትገዙ የላይኛውን ማርሽ እርሱትና የታችኛውን ጠይቁ። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ፊት ያለው የትንሹ ማርሽ የጥርስ ብዛት ኋላ ላለው ለትልቁ ማርሽ የጥርስ ብዛት ይካፈላል፣ ከዛ በኋላው ጎማ ዙሪያ ይባዛል፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ስንት ሜትር እንደምትሄዱ ይነግራችኋል። ፊት 30 ኋላ 34 ቢሆን፣ የኋላው ጎማ 26 ኢንች ከሆነ ዙሪያው ወደ 2 ሜትር ስለሆነ 1.76 ሜትር ይመጣል፣ ባለ20 ኢንች ከሆነ ደግሞ ዙሪያው 1.5 አካባቢ ስለሆነ 1.32 ሜትር። በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞሩ የመጀመሪያው 6.3፣ ሁለተኛው 4.8 ኪ.ሜ በሰዓት ነው። ሻንጣ ጭናችሁ ቀጥ ያለ ዳገት ለመውጣት ባለሦስት ላይ ወደ 1.3 ሜትር ወይ ከዛ በታች ፈልጉ። ባለሁለት ላይ ከ1.6 በታች ቢሆንም ብዙ አይጠቅማችሁም፣ ማርሹ ሳያልቅ ሚዛናችሁ ነው ቀድሞ የሚያልቀው።

የኋላው ጎማ መሃል ባለው ቋት ውስጥ የተደበቀ ማርሽ፣ ለምሳሌ ሮሎፍ ባለ14 ማርሹ፣ ከትንሹ እስከ ትልቁ 526 በመቶ ስፋት አለው (ትልቁ የትንሹ 5.26 እጥፍ ነው)፣ ቆማችሁም መቀየር ትችላላችሁ፣ ይሄ ለሪከምበንት በጣም ይገጥማል ምክንያቱም ከባድ ማርሽ ላይ ድንገት ከቆማችሁ ቆሞ ረግጦ መነሳት የለማ። ውድ ነው ግን፣ ከባድም ነው፣ ተራው ካምቢዮም ካወቃችሁበት ይበቃል፣ ከመቆማችሁ በፊት ማርሽ የማውረድ ልማድ ብቻ ያዙ።

ሰንሰለቱን አይታችሁ አትደንግጡ፣ የመደበኛውን ሁለት ተኩል ሦስት እጥፍ ይረዝማል፣ ስለረዘመ ግን ቶሎ አያልቅም። ሰንሰለቱ የሚያልፍባቸው ሮለሮችና የፕላስቲክ ቱቦዎች ናቸው የሚያልቁት፣ እነሱን ፈትሹ።

ሻንጣና መታየት

በጀርባ የሚያዝ ቦርሳ እርሱት፣ ጀርባችሁ ተይዟል። ሻንጣ ከመቀመጫው ስር ወይ ጎን ዝቅ ብሎ ሲጫን ሳይክሉ ይረጋል፣ ኋላ ፖርቶመጋላው ላይ ብቻ ስትጭኑ የፊቱ ይቀላል፣ ዳገት ላይ ፊቱ ይዋልላል። ስትገዙ ፖርቶመጋላና ፓራፋንጎ የሚገጠምበት ቀዳዳ ፍሬሙ ላይ መኖሩን እዩ፣ ፈጣኖቹ ላይ ብዙ ጊዜ የለም። ዞር ብሎ ማየት ስለማይመች ስፖኪዮ አስገጥሙ፣ ባለሦስት ከሆነ በግራም በቀኝም። ዝቅ ያለውን ደግሞ ረጅም ዘንግ ላይ ባንዲራ አድርጉለት።

ሙከራ

ሱቅ በር ላይ ሁለት ዙር ዞሮ መግዛት የለም። ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ከተቻለ ተከራይቶ ሙሉ ቀን። ባለሁለት ጎማውን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞክሩ መቀመጫውን ቀና አድርጉ፣ ማርሹን አቅልሉ፣ አንዱን ፔዳል ወደ ላይ አምጥታችሁ በሱ ገፍታችሁ ተነሱ፣ ዓይናችሁ ሩቅ ይሁን፣ ጎማውን ወይ እግራችሁን ካያችሁ ትወላገዳላችሁ። ትከሻችሁንና እጃችሁን ፍቱ፣ መሪውን አንቆ የያዘ ሰው ሁሉ ዚግዛግ ነው የሚሠራው። የመጀመሪያዎቹ አስር ደቂቃዎች ላይ አትፍረዱ፣ ሁሉም ይወላገዳል።

ከዛ ሆን ብላችሁ መጥፎ ቦታ ውሰዱት። ዳገት መሃል አቁማችሁ ድጋሚ ተነሱ። ጠባብ መንገድ ላይ ዙሩ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያዙ፣ ባለሦስት ከሆነ የአንዱን ጎን ፍሬን ብቻ ያዙና ምን ያህል ወደ ጎን እንደሚስብ እዩ። ሻንጣ ጭናችሁም ሞክሩት። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ደግሞ ቆም ብላችሁ ሰውነታችሁን ጠይቁ፣ ጣት ደንዝዟል? የትኛው የቂጥ ክፍል ነው የሚሰማው? አንገት? ጭን ላይ የሚሰማ ድካም የጡንቻ ነው፣ ሰውነታችሁ አዲስ ጡንቻ እስኪለምድ ጥቂት ሳምንታት ይፈጃል፣ እሱን ትዕግሥት ይፈታዋል። መደንዘዝና ማቃጠል ግን በልምድ ላይጠፋ ይችላል፣ አንግል ወይ የፔዳል ቦታ ቀይራችሁ ካልጠፋ ሌላ ሞዴል ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ያገለገለ ከሆነ

ሪከምበንት የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ተንከባካቢ ስለሆነ ያገለገለውን አልፈራም፣ በተለይ የእንግሊዙ አይሲኢ፣ የቼኩ አዙብ፣ የአሜሪካው ካትራይክ አይነት ዓመታት ይቆያሉ። መረቡን ተጫኑት፣ መሃሉ ከሰመጠና ማሰሪያው እስከ መጨረሻው ከተጠበቀ ሌላ መረብ ያስፈልገዋል። የቡሙ ማጥበቂያ አካባቢ ስንጥቅ ፈልጉ፣ ጠንክረው የሚረግጡ ሰዎች ያለማቋረጥ የሚያስጨንቁት ቦታ ነው። ሰንሰለቱን በእጅ አዙራችሁ ሮለሮቹ ይንጫጩ እንደሆነ ስሙ። የሚታጠፍ ከሆነ ማጠፊያው ላይ ልቅነት ካለ በእጃችሁ ስትነቀንቁት ይሰማችኋል።

ታድፖል ላይ የፊት ጎማዎቹን ተመልከቱ። መሬት የሚረግጠው ፊታቸው ከጎን ተበልቶ ካለቀ አቅጣጫቸው ተዛብቷል ማለት ነው፣ በሜትር የሁለቱን ጎማ ርቀት ከፊት በኩልም ከኋላ በኩልም በጎማዎቹ መሃል ከፍታ ለኩት፣ ከፊት በኩል እኩል ወይ በአንድ ሁለት ሚሊሜትር ጠበብ ያለ መሆን አለበት። ከዛ በላይ ከተለያየ ሳይክሉ ይጎትታል፣ ጎማም ቶሎ ይበላል፣ ግን መሪውን የሚያገናኘውን ዘንግ በማዞር የሚስተካከል ስለሆነ ለመደራደሪያ ተጠቀሙበት እንጂ ትታችሁት አትሂዱ። ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው መገጣጠሚያ ልቅ ከሆነ ግን እሱን ማስቀየር ነው።